ዘንገና ያልናት ነጥብ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። አመሻሽ፣ 12፡30።

ዛሬም አየን፣ አየን፣ ዓይናችን እስኪቀላ። መብራት ሁለቴ ሄደ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ። ጣቴ ውስጥ የገባው ስንጥር አሁንም አልወጣም። ጠዋት ሱቅ በር ላይ ለወንበር የሚሆን ቀርከሃ ስሰነጥቅ የገባ ነው። በመርፌ ሞከርሁ። ይብስ ወደ ውስጥ ሸሸ። ይቅር።

ግን ደብተሬ፣ ዛሬስ ስሚኝ! አገኘን መሰለኝ!

ሥራውን ታውቂዋለሽ፣ ግን መናገሩ ደስ ስለሚለኝ አሁንም ልንገርሽ። አንድ የሰማይ ቁራጭ፣ አራት ፎቶ፣ በደቂቃዎች ልዩነት በቴሌስኮፕ የተነሣ። ስክሪኑ ላይ እየተገላበጠ ይታያል። ኮከቦቹ ንቅንቅ አይሉም። ከመካከላቸው አንዲት ነጥብ ስትራመድ ከታየች አስትሮይድ ናት፣ በፀሐይ ዙሪያ የምትዞር ድንጋይ። ካለች “አለ”፣ ከሌለች “የለም” ብሎ መጫን። በቃ። የፈለክ ተመራማሪዎቹ ፎቶው በዝቶባቸው ከየአገሩ በጎ ፈቃደኛ ይጠራሉ። እኛ የእንጅባራ ሰዎች ደግሞ እናግዛቸዋለን። ሳስበው ሳቄ ይመጣል።

በት/ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አምስት ነን። እኔ፣ ጎረቤቴ ብርቱካን፣ ፀጉር አስተካካዩ ሙሉቀን፣ ጤና ጣቢያውን የምታጸዳው ዘውዴ፣ ከፊት ወንበር ደግሞ አያ ደሳለኝ፣ የእንስሳት ጤና ጡረተኛ፣ የሁላችን ታላቅ። የሰበሰበችን የእህቴ ልጅ ማስተዋል ናት፣ የፊዚክስ መምህርት። ተማሪዎቿ ፈተና ደርሶባቸው ሲበተኑባት የሰፈሩን ሰው ለቀመች።

አሠራራችን የደቦ ነው። ሁላችንም ትልቁን ስክሪን እናያለን። አያ ደሳለኝ ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ ደቅ ያደርጉና “አለ!” ወይ “የለም!” ይላሉ። እኛም በየስልካችን፣ በየስማችን፣ እሳቸው ያሉትን እንጫናለን። ታላቅ ባለበት ማን ቀድሞ ይናገራል? ጭቅጭቅ የለ፣ መኮራረፍ የለ። አጨዳ በይው።

ዛሬ ማስተዋል ኔትወርክ ፍለጋ ስልኳን ይዛ ግቢው ውስጥ ትዞራለች። ስክሪኑ ይገላበጣል። እኔ ጠረጴዛውን ደገፍ ስል ያ ስንጥር ጠቀጠቀኝና “ውይ!” አልሁ። ወዲያው አያ ደሳለኝ ዘንጋቸውን ደቅ! “አለች! አለች!” ሙሉቀን አጨበጨበ። ዘውዴ እልል አለች። ብርቱካን ያቻትና ብላ ላይኛውን ጥግ ጠቆመች። ሁላችንም “አለ” ብለን ጫንን። ማስተዋል ስትመለስ ነገሩ አልቋል።

ስም ወዲያው ወጣላት። ዘንገና፣ በሐይቃችን ስም። ያወጡት አያ ደሳለኝ ናቸው። ማስተዋል ቆይ እስኪ፣ ገና ስንት ሰው ያረጋግጠዋል፣ ስም ማውጣትማ ዓመታት ይፈጃል ብላ ብትለምን ማን ሰምቷት። መንገዱን ሙሉ ዘንገና ዘንገና እያልን ወረድን። ባለባጃጆቹ ሐይቁ የምንሄድ መስሏቸው ኑ ግቡ ይሉናል።

ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ ከቀርከሃና ከቤት ሌላ የኔ የምለው ነገር ቢኖር ይህ ቅዳሜ ነው። ደስ ብሎኛል። ጣቴ ግን ያማል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሱቅ ውስጥ።

በንዴት ነው የምጽፈው። ዘጉን! አምስታችንንም!

ማስተዋል ከት/ቤት በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣች። የእንግሊዝኛውን መልእክት ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። አምስቱ አካውንቶች በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፣ ያውም በአንድ ጊዜ። አንድም ቀን ተለያይተው አያውቁም። ስለዚህ አንድ ሰው ወይም አንድ ማሽን ነው ብለን ጠርጥረናል። መልሶቻችሁን ለጊዜው ከመዝገቡ አውጥተናል። ዘንገናም አብራ ወጣች ማለት ነው።

ማሽን! እኔ ትርንጎ፣ ወልጄ ያሳደግሁ፣ በዚህ ውርጭ ካልሲ ደርቤ የምሄድ፣ ማሽን!

እስኪ ፍረጂኝ ደብተሬ። በነጻ ነው የምንሠራላቸው። የስልክ ካርዱ ከኪሳችን። ብርዱ ከጉልበታችን። ደግሞ የተቀጣነው በምን? ባለመጣላታችን! ተደባድበን ቢሆን ኖሮ ሰው መሆናችንን ያምኑልን ነበር። መስማማት ሲያስወቅስ በዕድሜዬ ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

ብርቱካን ስትሰማ፣ “እኔን የሚያህል ማሽን ከየት ይመጣል? ማሽን እንኳ መብራት ሲጠፋ አፉን ይዘጋል!” አለች። ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ በመሳቄ ተናደድሁ።

የባሰው ደግሞ ርዕሰ መምህሩ። ሰምቷል። ማስተዋልን ቢሮው ጠርቶ ትልልቅ ሰው ሰብስበሽ ኩረጃ ታስተምሪያለሽ ወይ አላት። እስከሚቀጥለው ሰኞ ድረስ ነገሩ ካልተስተካከለ የክፍሉን ቁልፍ መልሺ ተብላለች። የልጅቱ ዓይን አብጧል። ቁልፉ ከሄደ ቅዳሜም ሄደ።

አንድ መንገድ አለ ትላለች። ሰዎቹ የመፈተኛ ፎቶዎች ልከዋል፣ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ። እያንዳንዳችን ለየብቻችን፣ ሳንነጋገር አይተን እንመልስ። የየራሳችን ዓይን እንዳለን ካዩ ይከፍቱልናል። አለበለዚያ የለም።

ልፈተን? በዚህ ዕድሜዬ? እንደ ተጠረጠረ ሌባ ለብቻዬ ቆሜ? አላደርገውም አልኋት፣ ቁርጥ አድርጌ። ሻይ እንኳ ሳትጠጣልኝ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት።

ትናንት አመሻሽ ላይ አያ ደሳለኝ ቤት ተሰበሰብን። እሳቸው ከኔ ብሰዋል! ቁጣውን በአገውኛ ጀመሩት። ዘውዴና ብርቱካን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኔ ግማሹ እያመለጠኝ አብሬ እነቀንቃለሁ። ደግነቱ መሐል ላይ ወደ አማርኛ መጡ። ተለያይተን የምናይ ከሆነ ምን አገናኘን? እያንዳንዱ በየቤቱ ይይ እንጂ! የፈለገ ይፈተን፣ እሳቸው ግን አይፈተኑም። በጭራሽ።

ሙሉቀን ቢፈተኑት ምን ይጎዳል ሊል ሲጀምር አየሁት። ዘንጉ ደቅ ሲል ዋጠው።

ማስተዋል እየተነሣች፣ እየተቀመጠች ለመነች። የማንን ጎን ያዝሁ? የአያ ደሳለኝን። ማስተዋል ዞር ብላ፣ “አክስቴ፣ አንቺም?” አለችኝ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ግን ከአያ ደሳለኝ ጎን አልተነሣሁም። አንዴ በአደባባይ የያዝሁትን እንዴት ልልቀቅ?

ሲሸኙን በሩ ላይ ሙሉቀንን “ትርንጎ፣ በርቺ” አሉት። ንዴት ሰውን እንዲህ ያደርጋል ማለት ነው። ሙሉቀንም እሺ እበረታለሁ ብሎ ሄደ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከዳንግላ መልስ።

ዳንግላ ዋልሁ። የአጎቴ ልጅ ሞላ የወሰን ክርክር አለበት። ድንበሩ ላይ ያለውን ቀርከሃ አጎቴ ሲተክል በዓይኔ ስላየሁ ምስክሩ ነኝ። በሚኒባስ ሄድሁ፣ ከመናኸሪያ ፍ/ቤቱ ድረስ በጋሪ። ፈረሱ ጨዋ ነው። ባለጋሪው ግን ካገኘው ሁሉ ጋር ይጣላል።

ችሎት እንደገባሁ፣ ውጪ! ምስክር ሁሉ ደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳይሰማ። ተገተርሁ ፀሐይ ላይ። ሰሞኑን ሰው ሁሉ እንደ ሌባ ያየኛል፣ ፈረንጁም ዳኛዋም እያልሁ አጉረመረምሁ። ተራዬ ደርሶ ያየሁትን ተናገርሁ። ከዚያ መቀመጥ ትችያለሽ ተባልሁ።

የተከሳሽ ምስክሮች ተራ በተራ ገቡ። የመጀመሪያው፦ ማለዳ ነበር፣ ጤዛ ነበር፣ ግራጫ ፈረሴን ይዤ ቆሜ ሳለ ተከሳሹ ሲተክል አየሁ። ሁለተኛው፦ ማለዳ ነበር፣ ጤዛ ነበር፣ ግራጫ ፈረሴን ይዤ። ሦስተኛውም ያንኑ፣ ጤዛዋ ሳትቀር! ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሦስቱንም አቁማ፣ ፈረሱ የማነው አለች። የኔ አለ አንዱ። የኔ አለ ሌላው። ሦስተኛው ጫማውን ያያል። “እናንተ ሦስት ምስክር አይደላችሁም፣ ሦስት አፍ ያለው አንድ ምስክር ናችሁ” አለቻቸው። ችሎቱ ሳቀ። እኔ ከሁሉም በላይ፣ ሥርዓት አስከባሪው ዝም በይ እስኪለኝ። የኔ እመቤት! አንጀቴን አራሰችው። ለውሳኔ ቀጠሮ ተሰጠ።

ሚኒባስ ውስጥም አላቆምሁ። አጠገቤ አዲስ ቅዳም የምትወርድ ሴትዮ ተቀምጣለች፣ ለሷ እተርካለሁ። ጤዛውን ነገርኋት፣ ፈረሱን ነገርኋት። ሦስት አፍ ያለው አንድ ምስክር ስል ቃሉ አፌ ላይ ቆመ።

አምስት አፍ ያለው አንድ ምስክር።

እኛኮ ነን! ሰማዩን መቼ አየን? አያ ደሳለኝን ነው ያየነው! ሴትዮዋ ምነው፣ አመመሽ ወይ ትላለች። ምን ልበላት። ከዚያ እስከ እንጅባራ አንድ ቃል አልተነፈስሁም። እኔ! ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ ዞሮ አየኝ።

ፈረንጆቹ እውነታቸውን ነው። ይህም ያናድደኛል። ትንሽ ቢሳሳቱ ምን ነበረበት?

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት። ከቀኑ 11 ሰዓት።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ጭንቅላቴ ዞሯል።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማስተዋልን የቅዳሜዋን ፎቶ በስልኬ ላኪልኝ አልኋት። ለምን ሳትለኝ ላከችው። ሱቅ በር ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አገላበጥሁት። ላይኛው ጥግ፣ ምንም። ታችኛው ጥግ፣ ምንም። መሐሉ፣ ኮከቦች እንደ ተቸነከሩ። ደገምሁት። ዘንገና የለችም።

ብርቱካንን ጠራኋት። እውነቱን ንገሪኝ፣ ዘንገናን አይተሻታል?

“እኔ መቼ አየሁ! አንቺ ያየሽ መስሎኝ!”

ያቻትና ብለሽ የጠቆምሽውስ?

“አያ ደሳለኝ ካሉ የሆነ ቦታ መኖሯ አይቀርም ብዬ ነዋ!”

ተያይዘን ሙሉቀን ዘንድ። የሰው ፀጉር ግማሹን ላጭቶ ግማሹን ትቶ ወጣ። አላየም። አያ ደሳለኝ ካሉ ብሎ ነው ያጨበጨበው። ዘውዴስ? ሙሉቀን ሲያጨበጭብ ጊዜ እልል ብላለች። ሁሉም የራሱ ዓይን የደከመ መስሎት አፍሮ ዝም ብሏል! ሰው እንዴት የማያውቃትን ድንጋይ እልል ይላል? እኔስ? እኔም ጫንሁ እኮ! “አታዪም ወይ” እንዳይሉኝ ብዬ ጫንሁ።

ማን ቀረ? አያ ደሳለኝ። ደሜ ፈላ። ታላቃችን ናቸው ብለን ዓይናችንን ብንሰጣቸው ያላዩትን አየሁ ይበሉን! ነጠላዬ አንድ ወገን እየተጎተተ ነው የሄድሁት።

ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊት ለፊታቸው ቆምሁ።

“ማነህ?” አሉኝ።

ማነህ! ይህን ሁሉ ጥልፍ ለብሼ! ትርንጎ ነኝ ስል ደነገጡ። ጠጋ ብዬ ዓይናቸውን አየሁት። ብሌኑ ነጭ፣ ጉም የወረደበት። ሙሉቀንን በስሜ የጠሩት ትዝ አለኝ። መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ።

ራሳቸው ተናገሩ። ሞራ ነው። ክረምቱን እየባሰ መጣ። ስክሪኑ ለሳቸው የበራ መስኮት ነው፣ ሌላ ምንም አያዩበትም። “በናንተ ትንፋሽ ነበር የማየው” አሉኝ። ዝም ካልን የለም። አንዳችን ትንፋሽ ከዋጥን፣ ወንበር ከተንቋቋ፣ አለ። እኛ የሳቸውን አፍ እንጠብቃለን፣ እሳቸው የኛን ትንፋሽ። ያን ቅዳሜ ደግሞ አንዱ ጮክ ብሎ ውይ ሲል ሰሙ። ይህስ ትልቅ ነገር ነው ብለው...

ውይ ያልሁት እኔ ነኝ። በስንጥሩ!

ነገርኋቸው።  ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቁ። ሳቅን፣ እንባችን እስኪወርድ። ዘንገናን ሰማይ ለሰማይ ስንፈልጋት ጣቴ ውስጥ ተቀምጣ!

ሳቁ ሲያልቅ ንዴቴ ተመለሰ፣ አሁን ግን ደህና አድርጎ። ዕድሜ ልካቸውን የፈረስና የበቅሎ ዓይን ሲያክሙ የኖሩ ሰው የራሳቸውን ይደብቃሉ? ሞራ እንደሚገፈፍ ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ለኛ አይነግሩንም? እኛ ማን ነን? ጮህሁባቸው። ታላቄ ላይ ጮህሁ፣ ሚካኤል ይቅር ይበለኝ።

ቀስ ብለው መለሱልኝ። ብናገር የፊት ወንበሬን ትወስዱብኛላችሁ። የማያይ ሽማግሌ ኮከብ ሊያይ ይሄዳል ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ና የሚላቸው ቅዳሜ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ቅዳሜ የኔ ብቻ መስሎኝ።

ወንበሩን የሠራሁት እኔ ነኝ አልኋቸው፣ ማንም አይወስድብዎትም። ሰኞ ግን ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን። አሻፈረኝ አሉ። እኔም አሻፈረኝ አልሁ። ተፋጠጥን፣ እሳቸው ባያዩኝም። ከዚያ ማስተዋል ቤት ሄድሁ። እፈተናለሁ አልኋት። አንገቴን አቀፈችኝ፣ ስለ ሰኞ ምሽቱ አንድም ነገር አላነሣችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። አመሻሽ።

ከሱቅ ወንበሮች በባጃጅ ጭኜ ሄድሁ። ማስተዋል ወደየግድግዳው አዞረቻቸው፣ ጀርባ ለጀርባ። እንደ ተቀጣ ተማሪ! ብርቱካን ማጉረምረም ጀመረች፣ እኔም ልቀጥል ስል ተውሁት።

ከመጀመራችን በፊት አያ ደሳለኝ ተነሡ። ዘንጋቸውን ደቅ አላደረጉም። ልጆች፣ እኔ አላይም አሉ። ዘንገናን አላየኋትም፣ በትርንጎ ስንጥር ነው ያየኋት።  ብርቱካን በሳቅ ፈነዳች፣ ሁሉም ተከተለ፣ እሳቸውም። የሳቀባቸው ግን የለም። ማስተዋል ለሰዎቹ ያችን መልሳችንን ትተናታል፣ አያ ደሳለኝም ለጊዜው አይፈተኑም፣ አብሮ ማየት ልማዳችን ስለሆነ እንጂ ለማጭበርበር አልነበረም ብላ ጻፈችላቸው። ማሽንም አይደለንም በይልኝ አልኋት። ጨመረችው።

አያ ደሳለኝ ወንበራቸውን ራሳቸው ወስደው በሩ ላይ ተቀመጡ። የፈተናው ዘበኛ። “የሚያንሾካሹክ ሰው አለ ብዬ ከጠረጠርሁ በዚህ ዘንግ ነው። ትንፋሽ በመስማት የሚደርስብኝ የለም።”

መጀመሪያ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ደቅታውን ይጠብቃል። ደቅታ የለም። ግድግዳው፣ ስልኩ፣ እኔ። ከኋላዬ ብርቱካን ሳል አለች፣ ሆን ብላ ነው፣ አውቃታለሁ። አልዞርሁም። እንዴት ይከብዳል! ሰው አጠገቡ ሰው እያለ ብቻውን ሲያይ አንገቱ ይደነድናል። አንዱን ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ምናልባትም ሁለት። ግን የኔ ስሕተት ነው፣ የማንም አይደለም። ይህን ስል ምን ያኮራኛል? ግን አኮራኝ።

የመጨረሻው ፎቶ ላይ ብዙ ቆየሁ። አገላበጥሁት፣ አገላበጥሁት። ከዚያ ጫንሁ። ልቤ እንደዛሬ መትቶ አያውቅም፣ በሠርጌ እንኳ።

እኔና ዘውዴ እንደጨረስን ኔትወርኩ ሄደ። ብርቱካንና ሙሉቀን ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይቀጥላሉ፣ ያንኑ ፎቶ። ስለዚህ እስከዚያ አፍ መክፈት ክልክል። የቁልፉ ነገር ሰኞ ይታወቃል። ሰኞ ሆስፒታልም ነው። አያ ደሳለኝ ስንለያይ በስንት ሰዓት ትመጫለሽ አሉኝ፣ ሌላ ምንም ሳይሉ።

መንገድ ላይ ብርቱካን ክንዴን ይዛ ወጠረችኝ። እስኪ የመጨረሻው ላይ ምን አልሽ? አለ ነው የለም ነው? ለማን እነግራለሁ? አልነግርሽም አልሁ። ከስንት ዘመን ጉርብትና በኋላ? አልነግርሽም። “ቆይ፣ ጨው ሲያልቅብሽ በሬን እንዳታንኳኪ!” ብላ ጥላኝ ሄደች። ትንሽ ሄዳ ደግሞ ዞራ አየችኝ፣ ተጸጽቼ እንደሆነ ብላ።

ይህ ደብተር ከሱቁ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ቁልፍ እንደሌለውም።

ደብተሬ፣ አትቀየሚኝ። የልቤን ሁሉ ነግሬሻለሁ። በዚያች በመጨረሻዋ ፎቶ ላይ ያየሁትን ግን ለአንቺም አልነግርሽም።